«እናቴ ጋ ሄጄ በአንድ ሳምንት እተወዋለሁ» ይላል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ የፊኒሺንግ ሠራተኛ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከመወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ያኔ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ታዘዘለት። ወገቡ ሻል ቢለውም ክኒኑን መተው አቃተው። አሁን በቀን አንድ ስትሪፕ ይጨርሳል፣ 10 ፍሬ ማለት ነው። ባለፈው ወር ታክሲ ሰልፍ ላይ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ሰዎች ክብሪት አሸተቱት። እሱ «ሳልበላ ወጥቼ ነው» አለኝ። እሁድ ዕለት ግን ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «እናቴ ጋ አንድ ሳምንት ሄጄ እተወዋለሁ» ይላል። ክኒኑን ሽንት ቤት ልድፋው? ሳምንት ይበቃዋል? ሆስፒታል እንሂድ ስለው «አማኑኤል ገባ እንዲሉኝ ነው?» ይለኛል። ጎረቤት ቢጠይቀኝስ ምን ልበል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ክኒኑን እንዳትደፊው። እናቱ ጋም ገና አይሂድ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ የታክሲ ሰልፉ ነው። አንድ ፍሬ ትራማዶል አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ነው። 10 ፍሬ 500 ሆነ ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ማለፍ የለበትም። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቀውን ሰው እንኳ ይጥላል። ድንገት ማቋረጥም አንዳንዱን ይጥላል። ስለዚህ ይህ ነገር በዚህ ሳምንት ሐኪም ጆሮ መድረስ አለበት። እስኪታይ ድረስ መወጣጫ ላይ እንዳይወጣ፣ ለምኚው። ከወደቀ ክብሪቱ ይቅር። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ 907 ደውሉና አምቡላንስ ጥሩ።

ሳምንት ይበቃዋል ወይ ላልሽው የቤቴን ልንገርሽ። ታላቅ ወንድሜ የኩላሊት ጠጠር ካስወጣ በኋላ በዚሁ ክኒን ተያዘ። እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ አብሬው ቡና ስጠጣ አላወቅኩም። አንድ ቅዳሜ ጃኬቱን ላጥብ ሳነሣ ገበሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ስተረትረው 14 ባዶ ስትሪፕ ወጣ። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋም።

እሱም «ሳምንት ስጡኝ» አለን። በር ዘግተን አብረነው ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን ማታ ማዛጋት ጀመረ። ዓይኑም አፍንጫውም ውኃ ሆነ። ቆዳው የተነጨ ዶሮ መሰለ። በማግስቱ ሆዱን ቆረጠው፣ ተቅማጥ ያዘው። እናታችን «ታይፎይድ ነው» አለች። ከሁሉ የባሰው እግሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፍራሹን ሲረግጥ ያድራል። በሦስተኛው ቀን «ግድግዳው ላይ ሰው አለ» ብሎ ጮኸ። ትራማዶል እንደ ሌሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ብቻ አይደለም፤ የድብርት መድኃኒቶች የሚነኩትንም የአእምሮ ኬሚካል ይነካል። ለዚህ ነው ሲቋረጥ አንዳንድ ሰው ክፉኛ የሚፈራው፣ የሌለ ነገር የሚያየው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ መንፈስ ነው ብሎ ጸበል ይሮጣል። ጸበሉን አልቃወምም፣ እኛም ሄደናል። ከሕክምናው ጋር ይሁን ነው የምለው።

በሰባተኛው ቀን ተነሣ። ሻይ ጠጣ፣ ሳቀ። ዳነልን ብለን ዶሮ አረድን። በ12ኛው ቀን ተደብቆ ገዛና የድሮውን ያህል ዋጠ። ሰውነቱ ግን ያን መጠን መሸከም ረስቶ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ሊቆም ደርሶ አገኘነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረስንለት። ሰው በዚህ ክኒን የሚሞትብን አንዱ ጊዜ ይኸው ነው፤ ለጥቂት ቀን ትቶ ሲመለስበት። መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ክኒን ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ባለቤትሽን ብትቀሰቅሽው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹም ከዘገየ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ወንድሜ ያገገመው በኋላ፣ ሐኪም ይዞት ነው። መጠኑ ትንሽ በትንሹ ተቀነሰለት፤ አራት ወር ፈጀ። ክኒኑን ሚስቱ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ትይዘዋለች፣ የታዘዘውን ጠዋትና ማታ ቆጥራ ትሰጠዋለች። ያንቺ ቤት ልጆች ስላሉ ቁልፉ ለእነሱም ነው። አንድ ፍሬ እንኳ ለሕፃን አደጋ አለው። ይሸጥለት የነበረውንም ሰው ሄዳ ለብቻው አነጋገረችው። አልተጣላችውም። «የልጆቼ አባት ነው» ብላ ለመነችው። ከዚያ በኋላ አልሸጠለትም።

የወገቡን ነገር እንዳትረሺው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚያስጮኸው ሕመም ሁሉ የወገብ ጉዳት አይደለም። ክኒኑ ከደሙ ሲቀንስ ሰውነት ራሱ ያመዋል፣ አሮጌው ጉዳትም ይቀሰቀሳል። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሕመምን የሚያብስበት ሰው አለ። ሐኪሙን «ወገቡስ በምን ይታከም?» ብለሽ ጠይቂው። ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ሱስ የማያስይዙ ማስታገሻዎች አሉ። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ቀለም ቅባ በተባለ ማግስት ወደ ክኒኑ ይመለሳል።

ጀምሩ ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ሪፈር ስለሚያስፈልጋችሁ መንገዱም ይኸው ነው። በቀን ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የወደቀበትን ቀን ጭምር ደብተር ላይ ጽፈሽ ያዢ። ባዶውን ስትሪፕም ያዢ። ሪፈሩ ወደ አማኑኤል ከሆነ ግን እባክሽ እንዳይፈራ። ሠርቼበታለሁ። መርካቶ አጠገብ ያለው ያ ግቢ ሱስ የያዘው ሰው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ከወሊድ በኋላ የተጨነቀች እናት የሚታከሙበት ነው። ብዙዎቹ ካርድ አውጥተው፣ ታይተው፣ በዚያው ቀን በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እሱን ለብቻው አትላኪው፣ አብረሽው ሂጂ።

ጎረቤት ከጠየቀሽ «ወገቡን ሊታከም ሄደ» በያቸው። ውሸት አይደለም።