«ጋሼ፣ ሐዋሳ ሜትሮ የሚኖራት መቼ ነው?»

ስለ ሜትሮ፣ ማለትም ከሌላ ትራፊክ ተለይቶ በራሱ ሐዲድ ስለሚሄድ የከተማ ባቡር፣ የጠየቀችኝ አንዲት የምህንድስና ተማሪ ናት፤ ፒያሳ አካባቢ ቡና ይዘን ነበር። «በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ሰዓት፣ 30 ሺህ ሰው የቆጠርሽ ዕለት» ብያት ተለያየን። ማታ ላይ ግን «የቆጠርሽ» ያልኳት ቃል መልሶ እኔኑ ያዘኝ። በቆጠራ ጉዳይ ያረጀ ዕዳ አለብኝና ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

ዕዳው አንድ ወረቀት ነው። ሠራተኛ በፈረቃ የሚገባበትና የሚወጣበት ትልቅ ቅጥር ግቢ ነበር፤ ስሙ ይቅር። በሩ ላይ ስንት ሰው በምን እንደሚሄድ እንዲቆጠር ተፈለገ፤ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በግራ ሰዓቱ፣ ከላይ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ሰርቪስ፣ ብስክሌት፣ እግረኛ። ቀኑ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ እንዲገባልኝ ብዬ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ሣጥን ብቻ ሰጠሁት። ቆጣሪዎቹ አራት ጭረት እየጫሩ፣ በአምስተኛው አግድም እየሰረዙ ሞሉት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ፈረቃ ሲለቀቅ ያለው ሣጥን ከመጥቆሩ የተነሳ ጭረቱ ወደ ጎረቤቱ ሣጥን ፈሶ ነበር። ያንን የጠቆረ ሣጥን በዓይኔ አይቼው ድምሩን ብቻ ገልብጬ ዘጋሁት።

ምን እንዳመለጠኝ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለማስላት እንዲመች የወሰድኩት ነው። በዚያ ሰዓት 1,240 ሰው ወጣ እንበል። ለአራት ሲካፈል በየሩብ ሰዓቱ 310 ይሆናል፤ 60 ሰው የሚይዝ ስድስት አውቶቡስ በየሩብ ሰዓቱ ካቀረባችሁ ትርፍ ሁሉ አላችሁ። እውነተኛው አወጣጥ ግን 180፣ 620፣ 290፣ 150 ቢሆንስ? ድምሩ ያው 1,240 ነው። በሁለተኛው ሩብ ሰዓት ስድስቱ አውቶቡስ 360 አንስተው 260 ሰው በር ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚወጣው 290 ሲጨመርበት 550 ይሆናል፤ 360 ሄዶ 190 ይተርፋል። ሰልፉ የሚያልቀው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው፤ ያውም አንድም አውቶቡስ ካልተበላሸ። በወረቀት ላይ ትርፍ ያለው ዕቅድ በጨለማ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሰው አስቁሟል። ገንዘብ ያላት ባጃጅ ኮንትራት ትይዛለች፣ የሌላት ከጓደኞቿ ጋር ተያይዛ በእግሯ ትሄዳለች። እኔ ይህን ያወቅሁት ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ የጠቆረው ሣጥን ግን ከመጀመሪያው ነግሮኝ ነበር።

ለዚህ መለኪያ አለው። የሰዓቱን ድምር፣ የከፍተኛውን ሩብ ሰዓት ቁጥር በአራት አባዝታችሁ በሚገኘው አካፍሉት። እዚህ 1,240 ለ2,480 ሲካፈል 0.5 ይወጣል። ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ሰው እኩል እየተንጠባጠበ ይመጣል ማለት ነው፤ የተለመደ የከተማ ጎዳና ከ0.8 በላይ ይሰጣል። ግማሽ አካባቢ ያገኛችሁ እንደሆነ ደወል የሚያወጣው ሕዝብ ነውና ለሰዓቱ ሳይሆን ለዚያች ሩብ ሰዓት አቅዱ። ወይም ርካሹን መንገድ ሞክሩ፦ አሠሪዎቹ መውጫ ሰዓታቸውን በ20 ደቂቃ እንዲያራርቁ ጠይቁ። አውቶቡስ ከመግዛት በፊት ይህን የጠየቀ ሰው ብዙም አላየሁም።

በዚያ ቅጽ ሌላ ቦታም ሲቆጠር ሌላ ስህተት ነበረበት፤ መሳፈርን እንጂ ሰውን አልቆጠረም። ከሰፈሯ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ የመጣች፣ ከዚያ በሚኒባስ መናኸሪያ የደረሰች፣ እንደገና ወደ ቱላ የተሳፈረች ሴት ሦስት ቦታ ሦስት ሰው ሆና ተመዘገበች። በእንዲህ ያለ ቁጥር ሜትሮ ቢታቀድ የሌለ ሕዝብ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መቀያየሪያ ቦታው ላይ ቆሞ «ከየት ተነሳሽ? መጨረሻሽ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ። ረዳቶችና ተራ አስከባሪዎች ከማንኛውም ጥናት የተሻለ ያውቃሉ፤ ድሮ ጋሪ ነጂዎች እንደዚያው ነበሩ። ያኔ ሐዋሳ የጋሪና የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ሜዳነቷ ለብስክሌት የተሰጠ ነው፤ የዛሬ ወጣት ግን ለ700 ሜትር ባጃጅ ይጠራል። ይህንንም ቁጠሩት፤ ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ 30 ሺህ። የአውቶቡስ መስመር 9 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ከነማቆሚያው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ አንድ መንገድ 27 ደቂቃ ነው። ደርሶ መልስ 54፤ በየጫፉ 3 ደቂቃ ማረፊያ ሲጨመር 60። በየ3 ደቂቃው አንድ እንዲመጣ 20 አውቶቡስ፣ ለአሥር አንድ መጠባበቂያ ብላችሁ 22። እያንዳንዱ 80 ሰው ቢይዝ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 1,600 ሰው ነው። የራሱ መንገድ የተሰጠው አውቶቡስ በረጃጅም ተሽከርካሪና በደንብ በተሠራ ጣቢያ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ያጓጉዛል፤ ቀላል ባቡርም ከ10 እስከ 20 ሺህ አካባቢ ነው። ሜትሮ የሚያዋጣው ከዚያ በላይ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነዚያ ሁለት መጠባበቂያ አውቶቡሶችና ጋራዡ ናቸው፤ ስለዚህ ዲፖውን፣ ማለትም ተሽከርካሪው የሚያድርበትንና የሚጠገንበትን ግቢ፣ ከጣቢያዎቹ በፊት ካርታው ላይ አስቀምጡት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተመልከቱ። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ነበር። ደግሞ ሁለቱ መስመሮች መሃል ከተማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የጋራው ሐዲድ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር የሚያሳልፍ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር የሚደርሰው በየ6 ደቂቃው ብቻ ነው።

ሐዋሳ የራሷ ጣጣ አላት። ለባቡር ጣቢያ ሰው እስከ 800 ሜትር በእግሩ ይመጣል ብላችሁ ክብ ብትስሉ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጣቢያውን ሐይቁ ዳር ብታደርጉት ግማሹ ክብ ውኃ ላይ ይወድቃል፤ ዓሣ አይሳፈርም። ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ ዳር ዳሩ ላይ መሬት ስትቆፍሩ ውኃው ቅርብ ነው። የመሬት ውስጥ ጣቢያ በዚያ ውስጥ ባዶ ሣጥን ማለት ነው፤ በክብደት ካልተያዘ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይገፋል፣ ፓምፑም ዕድሜ ልኩን አይቆምም። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት በሐዋሳ መግቢያ ጥቁር ውሃ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ሁለቱ ከተሞች በኑሮ አንድ ናቸው። አስተዳደሩ ግን ሁለት ነው፤ አንዷ ኦሮሚያ፣ ሌላዋ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲዳማ ክልል። የስምሪት ፈቃዱ፣ ታሪፉና መናኸሪያው በሁለቱ ስምምነት ካልተፈታ ሐዲድ ብቻውን አያገናኛቸውም።

ሜትሮውን እርሱት እያልኩ ነው አይደል? ይኸውላችሁ ደግሞ ራሴን ልቃወም። መሬቱን ዛሬውኑ ያዙለት። በመንገዱ መሃል 11 ሜትር ስፋት ይለይ፦ ሜትሮው እስኪመጣ ለሁለት የአውቶቡስ መስመር 3.5 ሜትር በ3.5 ሜትር፣ ለመሳፈሪያው 4 ሜትር። ባቡር እንደ ባጃጅ አይታጠፍምና ለሜትሮ የሚታሰበው ጥምዝ ራዲየሱ 300 ሜትር አካባቢ ይሁን። ዛሬ ያልተከለለ ማዕዘን ላይ ነገ አራት ፎቅ ይቆማል፤ ያኔ ካሳው ከሐዲዱ ይብሳል።

ስልካችሁ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር እየሳላችሁ ለጣቢያዎቹ ስም ማውጣት እንደምትወዱ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል። ሆኖም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ያ ስልክ የሚመዘግበው የፍጥነትና የማቆሚያ ልክ እኔ በእጅ ሰዓት ከያዝኩት ይበልጣል፤ እሱንስ አልክድም።

ስለዚህ ቆጠራውን እንዲህ ጀምሩ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሁን፤ ሰኞና ዓርብ ቁጥሩን ያዛባሉ። የገበያ ቀንን፣ ፍቼ ጫምባላላንና የገብርኤልን ንግሥ ለብቻቸው ቁጠሩ፤ ከተራው ቀን ጋር አትደምሩ። ለአንድ በር ሁለት ቆጣሪ፦ አንዱ ለእግረኛ፣ አንዱ በተሽከርካሪ ውስጥ ላለው ሰው፤ ሦስተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ያሳርፋቸው። ቅጹ ላይ ሰዓቱን በአራት ክፈሉት፣ ሣጥኑንም ሰፋ አድርጉት። እርሳስ ስጧቸው፤ እስክሪብቶ ካፊያ ሲያገኘው ይፈሳል።