እጅ መሳል ያቃተው ሰው ሠዓሊ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የምኖር የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የደብተሬ ኅዳግ ሁሉ በአበባ፣ በዓይንና በጠመዝማዛ መስመር የተሞላ ነው፤ ጓደኞቼም ያደንቁልኛል። ፊት ለፊቴ ያለውን ነገር ልሳል ስል ግን ይበላሽብኛል፤ በተለይ የሰው እጅ። አባቴ ምህንድስና እንዳጠና ይፈልጋል። ሥዕሌን በቀላሉ የማሻሽልበት መንገድ አለ? እንጀራስ ይወጣዋል?

መልስ፦ እንጀራውን ለጊዜው እናቆየው። የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ የሚገኘው የመጀመሪያው ከተሠራ በኋላ ነው።

ኅዳጉ ላይ የምትሞነጫጭሪው የሚያምርልሽ እጅሽ የለመደውን ስለሚደጋግም ነው። ያቺ ሽፋሽፍቷ የረዘመ ዓይን የማንም ዓይን አይደለችም፤ በቃል የተያዘች ናት። የሰው እጅ ግን በቃል አይያዝም፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቅርጹ ይለወጣል። ጣት አምስት መሆኑን ስለምታውቂ አምስት ትስያለሽ፤ ብርጭቆ የጨበጠ እጅ ግን ከአንድ ጎን ሲታይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የምታውቂው ነገር የምታዪውን እየሸፈነብሽ ነው። ስለዚህ ልምምድሽ በአብዛኛው የማየት ልምምድ ይሁን።

ከእጅ ጀምሪ፣ ሞዴል ፍለጋ አትሂጂ። ግራ እጅሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፊ። እስክሪብቶሽን ወረቀት ላይ አስቀምጪና ዓይንሽን ከአውራ ጣትሽ ጠርዝ አስጀምረሽ፣ ጉንዳን በዚያ ጠርዝ ላይ የምትሄድ ያህል ቀስ እያልሽ ተከተዪው፤ እስክሪብቶውም በዚያው ፍጥነት ይሂድ። ወረቀቱን ማየት ክልክል ነው። ሲያልቅ ታስቂያለሽ፤ ጣቶቹ ተጣመው፣ መዳፉ አብጦ ይወጣል። ነገር ግን አንጓው ላይ ያለውን እጥፋት፣ የጥፍሩን ጠርዝ ልብ ብለሽ ተመልከቺ፤ እንዲህ ያለ እውነተኛ መስመር ከዚህ በፊት አልሳልሽም። የትምህርት ቤት ጥናትሽን ከመጀመርሽ በፊት ይህን ልምምድ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ሥሪው። በእስክሪብቶ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ ላጲስ በእጇ ያለች ጀማሪ ስታጠፋ ትውልና ሳትስል ታመሻለች።

ቀጥሎ ጀበና። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጪውና ጀበናውን አትሳዪ! በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለችውን ክፍት ቦታ ሳዪ። ስም የሌላት ቅርጽ ስለሆነች አእምሮሽ «አውቃታለሁ» ብሎ አያታልልሽም፤ የግድ ታያታለሽ። ከዚያ ጡቱ ከሆዱ የሚለይበትን ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎም በሆዱና በማቶቱ መካከል ያለውን ጠባብ ጥግ። ክፍቶቹ በትክክል ከተሳሉ ጀበናው ራሱ በመሃላቸው ቁጭ ብሎ ይገኛል። ወንበርም፣ ቅርንጫፍም፣ ወገቡን ይዞ የቆመ ሰውም እንዲሁ ነው። ከዚህ የተሻለ ነፃ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ምጥኑ ከጠፋብሽ እርሳስሽን ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርግተሽ ያዢ፤ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ የጀበናውን የሆድ ስፋት በአውራ ጣትሽ እርሳሱ ላይ ለኪና ያ ስፋት በቁመቱ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሪ። ክርንሽ ከታጠፈ ልኩ ሐሰት ነው። በሰው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ያዢ፦ የአዋቂ ሰው ቁመት በአማካይ የራሱ ጭንቅላት ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ ዓይን የሚውለው ደግሞ ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ሰቅሎ ግንባሩን ይቆርጠዋል፤ አንቺም ሳታደርጊው አትቀሪም።

ርቀትን ለመማር ደግሞ የድሬዳዋን ልጅ የሚያክል ዕድለኛ የለም። የአሮጌው የባቡር መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ እስከ ጅቡቲ ድረስ ይኸው ነው። ቆመሽ ስታዪው ግን ሁለቱ ብረቶች እየተቀራረቡ ሄደው አድማሱ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናሉ። አድማሱ ሁልጊዜ በዓይንሽ ከፍታ ልክ ነው፤ ቁጭ ስትዪ አብሮሽ ዝቅ ይላል። ከዓይንሽ በላይ ያለው የጣሪያ መስመር ወደዚያ ነጥብ ይወርዳል፤ ከዓይንሽ በታች ያለው የመንገድ ጠርዝ ወደዚያው ይወጣል። ወደ ጣቢያው ግቢ ለመግባት ጠባቂውን አስፈቅጂ፤ ካልፈቀደ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያለ መንገድና የዛፎቹ ረድፍ ይበቁሻል።

ብርሃንን በእኩለ ቀን አታጥኚ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ከአናት ሆና ጥላውን ሁሉ ታጠፋዋለች። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሻላል። ሐረር ዘመድ ካለሽ ግንብ ወደ ዞረው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል ግቢና ከጠባቦቹ መንገዶች አንዱ ላይ ቁሚ፦ አንዱ ግንብ ፀሐይ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ጥላ ውስጥ። የግንቡን ቀለም እርሺው፤ ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ የትኛው ይጠቁራል፣ የትኛው ይነጣል ብቻ በዪ። በቀትር ሙቀት በረንዳ ላይ አረፍ ያሉ ሰዎች ደግሞ የማይነቃነቁ ሞዴሎች ናቸው፤ አስፈቅጂ እንጂ ተደብቀሽ አትሳዪ።

ስለ መሣሪያ ብዙ አታስቢ። ኤችቢ (መካከለኛ) እና 4ቢ (ለስላሳና ጠቆር ያለ) እርሳስ፣ አንድ ወገኑ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሲያምርሽም የምድጃ ከሰል። ስልክ ላይ ካለ ፎቶ መገልበጥን ግን ለጊዜው ተዪው። ካሜራው ጥልቀቱን ጠፍጥፎ ጨርሶታል፤ አንቺ ልትማሪው የሚገባሽ ያንኑ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው። ሥዕል ብቻውን ሸጦ መኖር በአገራችን የጥቂቶች ነገር ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። መሳል የሚችል እጅ የሚፈለግባቸው ሥራዎች ግን ብዙ ናቸው፦ ሥነ ሕንፃ፣ የልብስ ንድፍ፣ የማስታወቂያና የመጽሐፍ ሥዕል፣ የሕክምና ተማሪ የሰውነት ክፍል የሚያጠናበት ደብተር ሳይቀር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለመግባት ካሰብሽ ደግሞ መሳል መቻልሽን በተግባር ማሳየት ይጠበቅብሻል፤ ስለዚህ የኅዳጉ አበቦች ሳይሆኑ ጀበናውና እጁ ይጠቅሙሻል።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። ይህን ታሪክ አባትሽን ለመሟገቻ እንዳታደርጊው። የእሳቸው መንገድ የሁሉም አይደለም፤ የአባትሽም ስጋት መሠረት አለው። ሒሳብና ፊዚክሱን አትልቀቂ፤ ሁለቱም በር ክፍት እንደሆነ ይቆይልሽ።

ወረቀቶቹ ላይ ቀን እየጻፍሽ አስቀምጪ፤ የተበላሸውንም አትቅደጂ። በዕረፍት ጊዜሽ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሪ። ቤታችሁን በሜትር ለክተሽ በማስመሪያ ንድፉን አውጪ፤ በሌላ ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጠሽ ያንኑ ቤት በነፃ እጅ ሳዪው። በየትኛው ላይ ምሳ እንደረሳሽ ጻፊልኝ።