ሴንሰሩን የት ልስቀለው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ገመድ አልባ የውጭ ቴርሞሜትር ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ሴንሰሩ ውጭ ይሰቀልና ሙቀቱንና እርጥበቱን ሳሎን ላለው ስክሪን ይልካል፣ እሱን ነው የምለው። ግማሾቻችሁ «ዕቃው ይዋሻል» ነው የምትሉት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የተሰቀለበት ቦታ ነው።

«ሴንሰሩን አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ግን 38 ዲግሪ ይላል። አዲስ አበባ መቼ ነው 38 የሞቀው? የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው?» (ከጀሞ)

ቻይናን ለጊዜው ተዋት። አጥርህ ቆርቆሮ ነው አይደል? አልጻፍክልኝም እንጂ እወራረዳለሁ። የከሰዓት ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ እጅ ያቃጥላል። ሴንሰሩ ደግሞ በቀጥታ የሚለካው የራሱን ገላ ሙቀት ነው፣ ገላው ከአየሩ እኩል እንዲሆን ጥላም ነፋስም ያስፈልገዋል። ሁለቱም! ጥላ ይሁነው ብለህ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ብትከተው ምድጃ ሠራህለት ማለት ነው።

የሜትሮሎጂ ሰዎች ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳ አርቀው፣ በየጎኑ አየር የሚያስገባ ክፍተት ባለው ነጭ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ቤት ውስጥ ይህን በርካሽ መሥራት ይቻላል። ከአበባ ማስቀመጫ ሥር የሚደረገውን ነጭ የፕላስቲክ ሳህን አምስት ስድስት ግዛ። ከላይኛው በስተቀር የሁሉንም መሃል ቅደድ፣ ከዚያ ድፋቸውና ሁለት ጣት ያህል ክፍተት እየተውክ በረጅም ብሎን ደራርባቸው። ሴንሰሩ መሃል ላይ ይንጠልጠል። እንጨት ላይ ተክለህ ግቢው መሃል አቁመው፣ አለቀ።

መመሪያው ላይ «በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ይሰቀል» የሚል ካየህ ለአውሮፓ የተጻፈ መሆኑን እወቅ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በግንቦት ፀሐይ ሰሜን ነው ብለህ የሰቀልከው ሴንሰር ቀጥ ብላ ስትመታው ታገኛታለህ።

እኔም ብሆን ብልህ ሆኜ አይደለም። የመጀመሪያዬን «ጥላ ነው» ብዬ ከማድ ቤቱ መስኮት በላይ ሰቀልኩት። በሳምንት ሁለት ቀን እርጥበቱ በድንገት ዘሎ 90 ይገባል፣ ወዲያው ይወርዳል። ዝናብ መጣ ብዬ ስንት ጊዜ ልብስ ከገመድ አስነሳሁ መሰላችሁ! ለካ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው፣ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ነው የሚወጣው።

«ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ካርቶኑ ላይ 100 ሜትር ይላል፣ እኔ ጋ ግን ከበረንዳው እስከ ሳሎን 6 ሜትር የማይሞላው ይቆራረጣል።» (ከየካ አባዶ)

ካርቶኑ ላይ ያለው ምንም በማይጋርደው ሜዳ ላይ የተለካ ነው፣ እህቴ። የሬዲዮ ሞገድ ዋና ጠላቱ ብረት ነው፦ ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት፣ የላሜራ በር፣ ፍሪጅ። ስክሪኑን ከቴሌቪዥኑና ከዋይፋዩ አርቂውና ከመስታወት መስኮት ትይዩ አድርጊው፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ይበቃል። ባትሪውንም እዪ። በሃያ ብር የተገዛ የሪሞት ድንጋይ ሲደክም የመጀመሪያው ምልክት መቆራረጥ ነው።

ካልሆነ እንደ አዲስ አስተዋውቂያቸው። የሁለቱንም ባትሪ አውጪ፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጊና መጀመሪያ ለሴንሰሩ ከዚያ ለስክሪኑ ባትሪ ክተቺ (አንዳንዱ ሞዴል ተቃራኒውን ይፈልጋል፣ ወረቀቱን እዪ)። ከዚያ አሥር ደቂቃ ምንም ሳትነካኪ ተያቸው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ቁልፍ መጫን ይጀምራል።

«ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እርጥበት 90 ይላል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 39። ዝናብ የለ፣ ምን የለ። ተበላሽቶ ይሆን?» (ከሀዋሳ)

ጤነኛ ነው። ያ ቁጥር በአየሩ ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን አይደለም የሚነግርሽ፣ አየሩ መያዝ ከሚችለው ውስጥ ምን ያህሉ እንደተሞላ ነው። ሲኒ ሙሉ ሊሆን ትንሽ የቀረውን ቡና ወደ ትልቅ ብርጭቆ ገልብጪው፣ ግማሽ አይሞላም፣ ቡናው ግን ያው ነው። አየርም ሲሞቅ ዕቃው ይሰፋል። በ10 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 9.4 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፣ በ24 ዲግሪ ግን ወደ 22 ግራም። ጠዋት በ10 ዲግሪ 90 በመቶ የነበረው 8.5 ግራም ውሃ፣ ቀን 24 ዲግሪ ሲሞቅ 39 በመቶ ይሆናል። አንድ ጠብታ አልቀነሰም።

አሁንም ካላመንሽው በጨው ፈትኚው። የሃይላንድ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጊና በጥቂት ውሃ ለውሺው፣ እንዳይሟሟ፣ ጭቃ ይምሰል። ክዳኑንና ሴንሰሩን ሳይነካኩ አንድ ፌስታል ውስጥ ከተሽ አየር እንዳይገባ እሰሪውና ቤት ውስጥ አሳድሪው። በማግስቱ 75 አካባቢ ማሳየት አለበት። 71 ካለ ሁልጊዜ 4 ደምሪበት፣ እስከ 5 የሚደርስ ስህተት ለእንዲህ ያለ ዕቃ የተለመደ ነው።

«ወንድሜ ከጀርመን የላከልኝ ሙቀቱን በደንብ ያሳያል፣ ሰዓቱ ግን ራሱን ያስተካክላል ቢባልም እምቢ አለ። በኢትዮጵያ ሰዓት ማድረግስ ይቻላል?» (ከጎንደር)

ሰዓቱን የሚወስደው ፍራንክፈርት አቅራቢያ ማይንፍሊንገን ከሚባል ቦታ ከሚሰራጭ የሬዲዮ ምልክት ነው፣ እሱም 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። ጎንደር አይደርስም። በእጅዎ ይሙሉት፣ ሜኑው ላይ ራሱ እንዳይፈልግ ማጥፊያ ካለው ያጥፉት፣ ባትሪም ይቆጥባል።

ለእኛ ሰዓት አቆጣጠር 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱትና በ12 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉት። ያኔ ግን ስክሪኑ ቀን የሚቀይረው ጎህ ሲቀድ ይሆናል። ለቀን መቁጠሪያችን ደስ ይላል፣ ለዝቅተኛው ሙቀት ግን አይመችም። የቀኑ ብርድ የሚበረታው እዚያው ጎህ ላይ ስለሆነ አንዱ ቅዝቃዜ በሁለት ቀን ሊመዘገብብዎ ይችላል።

«ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ከ3 ዲግሪ አልወረደም። ጠዋት ብወጣ ድንቹን ውርጭ መትቶታል!» (ከደብረ ብርሃን)

ይህቺ ታሳዝናለች፣ ግን ሴንሰሩ እውነቱን ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ እየለቀቁ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛሉ። ሰው ቁመት ላይ 3 ዲግሪ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ከዜሮ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ወደ ረባዳው ይወርዳል፣ ማሳህ ዝቅ ያለ ከሆነ ይብሳል። ብዙዎቹ ስክሪኖች ሦስት ሴንሰር ይቀበላሉና ሌላ ጨምረህ በድንቹ ቁመት ልክ አቁመው። ማስጠንቀቂያውን 2 ዲግሪ ላይ ሙላውና፣ አመሻሽ ላይ ሰማዩ ከጠራ ደወሉን ሳትጠብቅ ጆንያም ጭድም ያገኘኸውን አልብሰው።

«እኔ ያለሁት ሚኒሶታ ነው። ብርዱ ሲጠና ሴንሰሩ ይሞታል፣ ሲሞቅ ይነሳል።» (ከሚኒያፖሊስ)

አልካላይን ባትሪ ውስጡ ውሃ አለው፣ በዚያ ብርድ ይደክማል። 1.5 ቮልት የሚል ሊቲየም ግዛ፣ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። በሴልሺየስ ይሁን በፋራናይት አትጠይቀኝ፣ እዚያ ቁጥር ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

«የሴንሰሩን ባትሪ አውጥቼዋለሁ። ስክሪኑ ግን አሁንም የውጭ ሙቀት ያሳያል፣ ቁጥሩም ይቀያየራል። ጋኔን ነው?» (ከሳር ቤት)

የጎረቤትህ ሴንሰር ነው። አብዛኞቹ በአንድ 433 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠሩት፣ ቻናሉም ከገጠመ ስክሪንህ ያገኘውን ይይዛል። ከሴንሰሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ከ1 ወደ 2 አድርጋትና እንደ አዲስ አስተዋውቃቸው። ከዚያ በፊት ግን የጎረቤትህን ቁጥር ከሰዓት በኋላ ተመልከትለት። ከ35 ካለፈ ሂድና አንኳኳ፣ ቆርቆሮ ላይ ነው የሰቀለው።