ታዋቂ ሰው ፊት ለምትቆሙ ጀማሪ ጋዜጠኞች

ሰሞኑን አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ «በታላቁ ሩጫ ላይ ኃይሌን ወይም ደራርቱን ባገኝ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ምን ብዬ ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅሽ ይንቀጥቀጥ፣ ልጄ፤ ጉዳት የለውም። የከነከነኝ ቀሪው ነው፤ ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ። ለዓመታት ያዳፈንኩትን ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ጋዜጣ ላይ በነጻ እሠራ ነበር። አዘጋጁ የቢሮውን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ወደ ጃንሜዳ አገር አቋራጭ ላከኝ፤ ትእዛዙም «ከታዋቂዎቹ ቃል ይዘህ ና» የሚል ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ላቁጧል። ውድድሩ እንዳበቃ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች አሸናፊዋን ከበቧት። «ምን ተሰማዎት?» «ፈጣሪ ይመስገን፤ ለደገፈኝ ሕዝብ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።» በክርን እየተገፋሁ ከክቡ ወጣሁ።

ሣሩ ላይ ስሟ በየቤቱ የሚነሳ ሌላ ሯጭ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። በዚያ ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ያዘጋጀሁት ጥያቄ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋና «ጫማው ጠበበዎት?» አልኳት።

ሳቀች። «እንዲያውም ሰፍቶኝ ነው» አለችና ጫማውን ገልብጣ አሳየችኝ። የእሷ ጫማ ሹል ብረቶቹ አጫጭር ስለሆኑ ለጭቃ አይሆንም፤ ረጃጅም ያለውን ከጓደኛዋ ተውሳለች፤ ጫፉ ውስጥ የተቀደደ ካልሲ ጠቅጥቃበታለች። ጭቃው ጫማውን ወደ ኋላ እየጎተተ ተረከዟን ልጦታል። ከዚያ ስለ ጫማ ማውራት ቀጠለች። አማርኛው ሲያጥራት በአፋን ኦሮሞ ትናገራለች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ትተረጉምልኛለች። መጀመሪያ ጫማ ያደረገችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ሽልማቷን ምን እንዳደረገችበት፣ አባቷ ሩጫዋን እንዴት እንደተቃወሙ፣ የክለቡ አውቶቡስ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ነገረችኝ።

አዘጋጁ ጽሑፌን አንብቦ «ታዋቂ ሰው ስለ ጫማ አይጠየቅም» አለ። በጋዜጣው ላይ የወጣው የአሸናፊዋ ምስጋና ብቻ ሆነ። ካሴቱ የቢሮው ስለነበረ በማግስቱ የአንድ ስብሰባ ንግግር ተቀዳበት። ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ኃይሌን ስለ ሲድኒ ኦሊምፒክ ከጠየቅሽው ሺህ ጊዜ የመለሰውን ይመልስልሻል፤ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ መቅደሙን ዓለም ያውቀዋል። ይልቅ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ራሱ ባቋቋመው የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ላይ ራሱ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ አዘጋጅም ተወዳዳሪም ሆኖ እንዴት እንዳደረ ጠይቂው። ደራርቱም በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን መዞሯ ተደጋግሞ ተወርቷል። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው በምን እንደተግባቡ ብትጠይቂያት ግን ምናልባት ቆም ብላ ታስባለች።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ የሰውየውን ሰዓትና ታሪክ በስልካችሁ አንብባችሁ ትመጣላችሁ። ነገር ግን መልሱን ሳታደምጡ ከባለታሪኩ ጋር ፎቶ ለመነሳት ትከሻ ለትከሻ ትጋፋላችሁ። ይህን ስል የቤቴ ሳሎን ውስጥ ከስንት አትሌት ጋር የተነሳሁት ፎቶ እንደተሰቀለ ለሚያውቁ ወዳጆቼ መሳቂያ እሆናለሁ።

«ምን ተሰማዎት?»ን ፈጽማችሁ አትጠይቁ ልል ነበር። አንድ ጊዜ ግን አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ በዚሁ ጥያቄ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ የተናገሩት በዚያ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ በለጠ። እንግዲህ ደንብ አላወጣላችሁም።

ቦታን በተመለከተ፣ መድረኩ ሥር አትቁሙ፤ እዚያ ሁሉም ሰው ይቆማል። ከመጨረሻው መስመር አለፍ ብሎ ቱታቸውን የሚደርቡበትን ጥግ ፈልጉ። መቅረጫውን አስቀድማችሁ ሞክሩት። ደግሞ የአባት ስምን ከራሱ ከባለቤቱ አፍ አረጋግጡ፤ ስንት ሯጭ በተሳሳተ የአባት ስም ታትሞ እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል!