ሁሉም ወንድ «ዘራፍ» ሲል

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ጎጃም ደጋ ላይ በእርሻ ድንበር ከጎረቤት ይጣላሉ። ያነበቡልኝ ሰዎች «ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ቁጡ፣ ሁሉም ዱላ ለማንሳት የቸኮለ» አሉኝ። ወንድነታቸውን እንዴት ልለያየው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ገና ሳይጽፉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይወስኑ፦ ማን ፊት መዋረድን አብልጦ ይፈራል? ታላቁ የአገሩን ጎበዛዝት፣ መካከለኛው ሽማግሎቹን፣ ታናሹ የኔታን ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ሁለት ፈር ገፍቶ ባረሰ ማግስት አንደኛው ዱላውን ያነሳል። ሁለተኛው የድንበሩን ድንጋይ የሚያውቅ አዛውንት ፍለጋ ይሄዳል። ሦስተኛው ዝም ካለ፣ ዝምታው ፍርሃት እንዳይመስል እጁን ሥራ ያስይዙት።

ለታናሹ ጎጃም ራሱ መልስ አለው። ፎካሪው «ዘራፍ» ይላል፤ የቅኔ ተማሪውም ቅኔ «ይዘርፋል»። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል፣ በየደጁ ውሻ የሚያሯሩጠው ልጅ ብቻውን ዱር ገብቶ ቅኔ ይቆጥርና ተመልሶ ጉባኤ ፊት ይቆማል። ደፋርነቱ እዚያ ነው፤ ይህን ልጅ ዱላ ማስያዝ ያበላሸዋል።

ቁጡውን ደግሞ ጓዳ ውስጥ ያሳዩት። ሚስቱ አራስ ናት፣ ሌሊት ነው፣ ሴት ዘመድ አልደረሰም፤ ገንፎውን ራሱ ያገነፋል። በር ይንኳኳል። ማማሰያውን ከምድጃው ጀርባ ይሸጉጣል ወይስ እንደያዘው ይከፍታል? በዚያች ቅጽበት ምን ዓይነት ወንድ እንደሆነ አንባቢው ያውቃል፤ እርስዎ አንዲት ቃል ማብራሪያ አይጨምሩ።

«ወንድ አያለቅስም» የሚለውንም እንዳለ አይቀበሉት። ለቅሶ ላይ ወንዱ በአደባባይ ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል። ይልቅ የት እንደሚያለቅስና የት እንደሚያፍን ይለዩ።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ቁጡው ክፉ፣ ዝምተኛው መልአክ ሲሆን ነው። ቁጡው በሬዎቹ ላይ ጅራፍ የማያሳርፍ፣ ዝምተኛው ቂም የሚቋጥር ይሁን።

ሲጨርሱ ስለ ድንበሩ ጠብ ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይጻፉና ስሞቹን ሰርዘው ታሪኩን ለሚያውቅ አንባቢ ይስጡ። ማን ማን እንደሆነ መለየት ካቃተው «ደፋር»፣ «ጭምት» የሚሉ ቅጽሎች አይጨምሩ። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ እጁ ምን እንደያዘ፣ ሲሰደብ ወዴት እንደሚያይ ይቀይሩና እንደገና ያስነብቡ።