አዲሱ አሴላ ለምን ጉዞውን አላሳጠረም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው የመንገደኞች ባቡር ድርጅት አምትራክ፣ አሴላ የተባለውን ፈጣን ባቡር አዲስ ትውልድ በቦስተንና በዋሽንግተን መካከል ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ባቡር አፍቃሪዎች አቀባበል የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ሁለቱን በዚህ ዕትም እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከባልቲሞር ብዙም ሳንርቅ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የ14 ዓመቱ ልጄ ባቡር ሲያይ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ አዲሱን አሴላ ላሳየው ወደ ባልቲሞር ፔን ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። እዚያም ካሜራቸውን ደግነው ከሚጠብቁ የባቡር አፍቃሪዎች ጋር ስንጫወት ቆየን። የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ያን ያህል ዓመት የጠበቁት ባቡር ፊታቸው ቆሞ ሳለ አብዛኛው ጨዋታቸው ቅሬታ መሆኑ ነው። በሰዓት 257 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ቢባልም የጉዞው ሰዓት ከአሮጌው እምብዛም አልተለየም ይላሉ። ባቡሩ የሚፈጥን ከሆነ ሰዓቱ ለምን አላጠረም? ባቡር እንወዳለን የሚሉ ሰዎችስ ከተሳፋሪው ሁሉ ይልቅ የሚያማርሩት ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ አዲስ ባቡር መጣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናየው የሾለ አፍንጫውንና የቀለሙን ድምቀት ነው። ያገኟቸው ሰዎች ግን ከሥሩ ያለውን ሐዲድና ከበላዩ የተዘረጋውን ሽቦ ያያሉ፤ የጉዞውን ሰዓት በዋናነት የሚወስኑትም እነዚህ ሁለቱ ስለሆኑ፣ ቅሬታቸው ከጥላቻ የመጣ አይመስለኝም።

እስቲ በቁጥር እንየው። በዲሴምበር 2000 ሥራ የጀመረው አሮጌው አሴላ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 241 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ኦገስት 28 ቀን 2025 የጀመረው አዲሱ ደግሞ 257 ነው። በኒው ጀርሲ፣ በትሬንተንና በኒው ብራንስዊክ መካከል፣ ለከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የታደሰ ወደ 39 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር አለ። አዲሱ ባቡር ይህን ርቀት ከዳር እስከ ዳር በሙሉ ፍጥነቱ ቢሮጠው እንኳ፣ በራሱ ሙሉ ፍጥነት ከሚሮጠው ከአሮጌው የሚቀድመው በ36 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እርስዎና ልጅዎ ወደ ቆማችሁበት ጣቢያ እንመለስ። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን የሚነሳ ባቡር ብዙም ሳይርቅ የሚገባበት ዋሻ በ1873 የተከፈተ ነው። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ ማንኛውም ባቡር በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድበትም፤ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜም ይወስዳል። በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም የተሰየመው ምትክ ዋሻ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እንዲያሳልፍ የታቀደ ሲሆን፣ በዚያ ፍጥነት ያንኑ ያህል ርቀት ለማለፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ትርፍ ከአንዲት አጭር ዋሻ ይገኛል ማለት ነው፤ ባቡሩ ወደ ዋሻው ሲቃረብ ፍሬን የሚይዝበትንና ከወጣ በኋላ ፍጥነቱን መልሶ እስኪያነሳ የሚያጠፋውን ጊዜ ገና ሳንቆጥር። ስለዚህ የባቡር አፍቃሪዎች ስለ አዲሱ ባቡር ተጠይቀው ስለ ባልቲሞር ዋሻ ሲያወሩ ከርዕስ የወጡ አይምሰልዎት።

የሽቦው ጉዳይም ከዚህ አያንስም። ከኒው ዮርክ እስከ ዋሽንግተን ያለውን መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገው ፔንሲልቬኒያ ሬይልሮድ የተባለው የቀድሞ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራው ዋሽንግተን የደረሰው በ1935 ነው። በዚያ ዘመን የተዘረጋው ሽቦ ውጥረቱን እንደ አየሩ ጠባይ የሚያስተካክልበት መሣሪያ የለውም፤ በሙቀት ቀን ይረዝምና ይረግባል፣ በብርድ ቀን ደግሞ ያጥርና ከመጠን በላይ ይወጠራል። በባቡሩ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሽቦውን ከሥር እየታከከ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ፓንቶግራፍ የሚባለው ክንድ፣ በረገበ ሽቦ ሥር በከፍተኛ ፍጥነት ካለፈ ሽቦውን ክፉኛ ያወዛውዘዋል፤ ንክኪው ይቋረጣል፣ አንዳንዴም ክንዱ ከሽቦው ጋር ተጠላልፎ ሁለቱም ይጎዳሉ። በዚህም ምክንያት አሮጌው ሽቦ ባለበት የመስመሩ ክፍል ፍጥነቱ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ላይ ተገድቦ ኖሯል። ከኒው ሄቨን እስከ ቦስተን ያለው ግን በ2000 የተጠናቀቀ አዲስ ሥራ ስለሆነ፣ ሽቦው በሙቀትም በብርድም ውጥረቱን እኩል እንዲጠብቅ ተደርጎ የተዘረጋ ነው፤ በኒው ጀርሲ የታደሰው ክፍልም እንደዚሁ።

በዚህ ላይ በኒው ጀርሲ ከ1910 ጀምሮ ሲያገለግል የኖረውን፣ ለጀልባዎች እየዞረ የሚከፈተውን የፖርታል ድልድይ፣ ወደ ማንሃተን የሚያስገቡትንና በዚያው ዓመት የተከፈቱትን የሃድሰን ወንዝ ዋሻዎች፣ እንዲሁም በባሕር ዳርቻው የሚጠማዘዘውን የኮኔቲከት መስመር ይጨምሩበት። በተለይ በኮኔቲከት፣ ከኒው ሄቨን በስተ ምዕራብ፣ ሐዲዱ የአምትራክ ስላልሆነ ፈጣኑ ባቡር የሌላ ድርጅት ተራ ጠባቂ ሆኖ ከሠራተኛ አመላላሽ ባቡሮች መካከል ነው የሚያልፈው።

አፍቃሪዎቹ ደጋግመው የሚያነሱት የጃፓን ንጽጽር ላይ ግን ከእነርሱ እለያለሁ። ጃፓን ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ሺንካንሰን የተባለውን ፈጣን ባቡሯን ስታስመርቅ ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ሌላ ባቡር የማይገባበት፣ የመኪና መንገድም የማያቋርጠው አዲስ ሐዲድ ዘርግታ ነበር፤ ፈረንሳይም በ1981 ለፓሪስና ሊዮን መስመር ያደረገችው ይህንኑ ነው። አሴላ የሚሄድበት መስመር ግን የሠራተኛ አመላላሽም የጭነትም ባቡር የሚጋራው፣ በምሥራቃዊ ኮኔቲከት ደግሞ እስከ ዛሬ መኪና የሚያቋርጣቸው ጥቂት ቦታዎች ያሉበት ነው። ስለዚህ አዲሱን አሴላ ከሺንካንሰን አነጻጽሮ ባቡሩን ማሳነስ፣ ለባቡሩ ያልተሰጠውን ሐዲድ ከባቡሩ እንደ መጠየቅ ነው። ምንም አልተለወጠም የሚሉትም ተሳስተዋል። አሮጌው 304 መቀመጫ ሲኖረው አዲሱ 386 አለው፤ የሚገዙት 28 ባቡሮች ሁሉ ሲገቡም አሮጌዎቹ 20 ብቻ ስለነበሩ በቀን ብዙ ጉዞ ማድረግ ይቻላል። ለእኔ በየሰዓቱ ቦታ የሚገኝበት ባቡር፣ በአምስት ደቂቃ ቀድሞ ከሚደርስና ሁልጊዜ ሞልቶ ከሚገኝ ባቡር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ለሥራ ከፊላደልፊያ ወደ ኒው ዮርክ የምመላለስ ሴት ነኝ። አዲሱ ባቡር በ2021 ይጀምራል ተብሎ አራት ዓመት መዘግየቱን ሳስብ ደኅንነቱ ያሳስበኛል። ባቡር የሚወዱ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ «መንኮራኩሩ ብቻውን ያስደስታል» ይሉኛል። ልትሳፈሪበት ይገባል ወይ ቢሉኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ለመዘግየቱ አንዱና ዋናው ምክንያት፣ መንኮራኩሩ፣ ሐዲዱና ሽቦው በከፍተኛ ፍጥነት እንዴት እንደሚስማሙ በኮምፒውተር ተሰልቶ ሳይረጋገጥ በሐዲዱ ላይ የፍጥነት ሙከራ ማድረግ ባለመፈቀዱ ነው፤ ይህን ያህል ያረጀና ወጥነት የሌለው መስመር በስሌት ማስመሰል ቀላል ሆኖ አልተገኘም። የአምትራክ ዋና ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤትም በ2023 ባወጣው ሪፖርት በተሠሩት ባቡሮች ላይ ጉድለቶች መገኘታቸውን በይፋ ገልጿል። ይህ ሲነበብ ያስፈራል፤ እኔ ግን ጉድለት ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት መገኘቱን እመርጣለሁ። አሮጌው አሴላ በኤፕሪል 2005 በፍሬን ዲስኮቹ ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ሁሉም ባቡሮች ከሥራ የወጡት፣ ሰው ካጓጓዘ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ነበር ብዙዎቹ አፍቃሪዎች ያስታውሳሉ። አዲሱ በመጀመሪያው ቀን በአምስት ባቡር ብቻ ሥራ መጀመሩንም የወደዱት ለዚህ ይመስለኛል።

ባልደረቦችዎ ስለ መንኮራኩሩ የተናገሩት እውነት አለው። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ፉርጎ መንኮራኩሮቹን የሚይዙ ሁለት የብረት ክፈፎች ከሥሩ አሉት፤ ክፈፉ ቦጊ ይባላል። በአዲሱ አሴላ ግን ሁለት ጎረቤት ፉርጎዎች በመጋጠሚያቸው ላይ አንድ ቦጊ ይጋራሉ። ይህም ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ሲተላለፉ የሚሰማውን መንገላታት ይቀንሳል፤ በአደጋ ጊዜም ፉርጎዎቹ ተያይዘው እንዲቆዩ ይረዳል። በዲሴምበር 1993 በሰሜን ፈረንሳይ አንድ ቴ ዤ ቬ የሚባል ፈጣን ባቡር በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ሐዲዱ ሥር መሬቱ ሰምጦ ከመስመር ሲወጣ፣ ፉርጎዎቹ ሳይገለበጡ ቀጥ ብለው ቆመው የሞተ ሰው አልነበረም፤ ያም ባቡር በዚሁ መልክ የተያያዘ ነበር። ጉድለቱ አንድ ፉርጎ ሲበላሽ በቀላሉ ነጥሎ ማስቀረት አለመቻሉ ነው፤ አፍቃሪዎቹም በዚህ ነጥብ ላይ ሲከራከሩ ይውላሉ። መቀመጫው ጠንከር ይላል የሚለው ወሬ እንደየሰዉ ወገብ ነው። በእኔ በኩል ይሳፈሩበት እላለሁ።

በመጨረሻም የባልቲሞሩ አንባቢያችን ልጅ በአባቱ ደብዳቤ ግርጌ በራሱ እጅ «ባቡሩ በጣም ሲፈጥን ማየት የምችለው የት ነው?» ሲል ጠይቋል።

ልጄ፣ ለአንተ የሚቀርብህ በኒው ጀርሲ የፕሪንስተን ጃንክሽን ጣቢያ ነው። መስመሩ እዚያ ቀጥ ያለ ነው፤ አሴላም ሳይቆም በመካከለኛዎቹ ሐዲዶች ያልፋል። ራቅ ብለህ መሄድ ከቻልክ በሮድ አይላንድ ያለው የኪንግስተን ጣቢያም አለ። ከአባትህ ጋር ሁን፤ ባቡሩ ሲያልፍ ነፋሱ ስለሚገፋ ከቢጫው መስመር በጣም ራቅ ብለህ ቁም። አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት በሁለቱ ሎኮሞቲቮች መካከል ያሉትን ፉርጎዎች ቁጠር፤ አሮጌው ስድስት፣ አዲሱ ዘጠኝ ነው። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ግን ዓይንህን ወዲያው አታንሣ፤ ሽቦው መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ሰከንዱን ቁጠር። ወደ ቤትህ ስትመለስ ደግሞ በባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ ባለው ጣቢያ ሳይቆም የሚያልፍ ባቡር ጠብቀህ፣ በአሮጌው ሽቦ ሥር እንደዚያው ቁጠርና ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍልን።