ከሞዴሉ በፊት የፌዝ ምስሉን

ውድ እህቴ፣

የባዮሜዲካል ምህንድስና ትምህርትሽን ልትጨርሺ አንድ ዓመት እንደቀረሽ፣ በኤምአርአይ የፌዝ ምስል (phase፤ የምልክቱን ጥንካሬ ሳይሆን ማዕዘኑን በዲግሪ የሚያሳየው ምስል) ጥቃቅን የአንጎል መድማትን የመለየት ሥራ ልብሽን እንደሳበው፣ ጓደኞችሽ ግን «መጀመሪያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተማሪ» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። በቅደም ተከተሉ ከጓደኞችሽ ጋር አልስማማም። በዚህ ዘርፍ ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ የሚበላሽ ሥራ ብዙ ነው።

የፌዝ ምስል የሚመዘግበው ከ-180 ዲግሪ እስከ +180 ዲግሪ ያለውን ብቻ ነው። ዋጋው ከዚያ ሲያልፍ ከሌላኛው ጫፍ ስለሚጀምር ምስሉ እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ ይዥጎረጎራል። ይህን መፍታት የመጀመሪያ ልምምድሽ ይሁን። ቀጥሎ በአፍንጫ ዙሪያ ያለው አየር የሚያመጣውን ሰፊ የመግነጢስ መስክ መዛባት ታጣሪያለሽ፤ ማጣሪያው ሲበረታ ግን የምትፈልጊውንም የመድማት ነጥብ ጠርጎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በዝርዝር የታተመው ኤስደብሊውአይ (SWI) የተባለው የመግነጢስ ልዩነትን የሚያጎላ ዘዴ ከተጣራው ፌዝ ጭምብል፣ ማለትም የተመረጡ ቦታዎችን የሚያጠቁር የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ሠርቶ የማግኒቲዩድ ምስሉን (የምልክቱን ጥንካሬ የሚያሳየውን) በዚያ ደጋግሞ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ጊዜ፣ ያባዛል። ዝግጁ ሶፍትዌር አትጠቀሚ፤ በፓይተን ራስሽ ጻፊው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የቆየ ደም የሚተወው ብረትም ሆነ የካልሲየም ክምችት በማግኒቲዩድ ምስል ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። በፌዝ ምስል ግን ምልክታቸው ተቃራኒ ነው፤ አንዱ በመደመር ሌላው በመቀነስ ይታያል። ችግሩ የመደመርና የመቀነስ አቅጣጫው እንደ ማሽኑ አምራች ይለያያል። ስለዚህ አዲስ ምስል ሲደርስሽ በብዙ አዋቂዎች ዘንድ ካልሲየም የሚጠራቀምበትን የፓይኒያል ዕጢ (በአንጎል መሃል ያለ ትንሽ ዕጢ) አስቀድመሽ ተመልከቺና አቅጣጫውን ከዚያ አረጋግጪ።

ከራዲዮሎጂ ሐኪም አጠገብ ተቀምጠሽ ማየትንም አታቋርጪ። በአንድ ቁራጭ ምስል ላይ ክብ ነጥብ የመሰለው ነገር ወደ ላይና ወደ ታች ስትከተዪው የደም ሥር ሆኖ ይገኛል። በጥልቁ የአንጎል ክፍል ያሉ ነጥቦች ብዙ ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ስለሚያያዙ፣ ቦታውን በትክክል መናገር ለታካሚው ትርጉም አለው።

ለመመረቂያ ሥራሽ ደምና ካልሲየምን መለየት ብቻ ይበቃል። የሥነ ምግባር ፈቃዱን አሁኑኑ ጠይቂ። የኤምአርአይ ባለሙያውንም ከምርመራው በፊት የፌዝ ምስሉን እንዲያስቀምጥልሽ ለምኚው፤ በብዙ ቦታ የሚቀመጠው ማግኒቲዩዱ ብቻ ነው፣ የጠፋው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።